የእትዬ ሜትር ገዳዮች

«ደሟ ነው እኮ! በዐይኔ ያየሁትን? ደሟ ነጩ ቀሚስ ላይ ጠብ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ምራቋን ቀባችበት። እኔ ልጄን ያንን ቀሚስ አላለብሳትም፤ በቃ፣ አላለብሳትም!»

ድምፁ የመጣው ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ወዲያ ነው። ወዲህ ደግሞ እትዬ ሜትር የጠዋት ክኒኗን በአንድ እጇ፣ የውኃ ብርጭቆዋን በሌላው እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆማለች። ተናጋሪዋ የወንድሟ ሚስት ናት፤ የምትናገረውም ለወንድሟ ነው። መቼም ግድግዳ ተብሎ ይጠራል እንጂ ያ ኮምፔንሳቶ ምንም አያስቀርም፤ ወዲያ ያስነጠሰውን ሰው ወዲህ ሆነው «ይማርህ» የሚሉበት ቤት ነው። እትዬ ሜትር ክኒኗን ሳትውጥ የወንድሟን መልስ ጠበቀች። ታናሽዋ ነው፤ የትምህርት ቤት ቁምጣውን ሳይቀር የሰፋችለት እሷ ናት። «ተይ እንጂ፣ ምን ማለትሽ ነው» ይላል ብላ ጆሮዋን ጣለች። የሰማችው ግን የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። ሻዩን አማሰለ። ቆይቶ ደግሞ አማሰለ። ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀ ቆይቷል፤ ሰውዬው ማማሰሉን አልተወም። እትዬ ሜትር ክኒኗን ዋጠች፣ ውኃውን ጭልጥ አድርጋ ጠጣች፣ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ከሚስቲቱ ጩኸት ይልቅ አንጀቷን የቆረጠው ያ ማንኪያ ነው።

«እትዬ ሜትር» የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ሜትር አንገቷ ላይ ሳይጠመጠም ከቤት ወጥታ አታውቅም፤ ሱቅ ስትሄድም፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄድም ያው ናት። ሰው ሰላም ስትል ዐይኗ ፊቱ ላይ ከማረፉ በፊት ትከሻው ስፌት ላይ ያርፋል። «እንዴት አደርክ» ብላ ሳትጨርስ «ይቺን እጅጌ ማን ነው እንዲህ የገደላት?» ትላለች። ሰው ይስቃል፤ በማግስቱ ግን እጅጌውን ይዞ ይመጣል። የምትኖርባት ክፍል ከወንድሟ ቤት መንገድ ዳር ያለችው ናት። አልጋዋ ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ የስፌት መኪናዋ ደግሞ ብርሃን እንዳይጎድልባት መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። መሀል ላይ፣ ልብስ በሚለካበት የእንጨት አሻንጉሊት ላይ የወንድሟ ልጅ የሰርግ ቀሚስ ቆሟል። እንዲያው ለማጋነን አይደለም፤ ያ ቀሚስ ያምራል። ወገቡ ጋ ስፌቱን ፈልጎ የሚያገኘው ሰው የለም። ዳንቴሉ ከደረት ተነሥቶ ትከሻ ላይ ሲወጣ ማንም የሰፋው ሳይሆን እዚያው የበቀለ ይመስላል። በመስኮት የሚያልፍ ሁሉ ቆም ይላል፤ እትዬ ሜትርም ሰው ሲቆም ሥራ የበዛባት መስላ አንገቷን ትደፋለች፤ ፈገግታዋን ለመደበቅ ነው።

የትናንቱ ነገር እንዲህ ነው። ዳንቴሉን በእጅ እየሰፋች ሳለ መርፌው የግራ ጣቷን ወጋት። ልብስ ሰፊ ተወጋ ብሎ ማውራት ዓሣ ረጠበ ብሎ እንደማውራት ነው። ጣቷን ቶሎ አነሣች፤ ግን አንዲት ጠብታ ቀድማት ቀሚሱ ደረት ላይ ወደቀች፤ የምስር ፍሬ እንኳ አታክልም። እዚህ ላይ የሙያው ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ አለ፤ የሰፊ ደም በራሱ በሰፊው ምራቅ ይለቃል። ነጭ ክር አፍ ውስጥ ከትቶ በደንብ ማራስ፣ ከዚያ ጠብታዋን በዚያ ክር ቀስ እያሉ መንካት ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም። እትዬ ሜትርም ከልጅነቷ ጀምሮ ስታደርገው የኖረችውን አደረገች። ጠብታዋ ድራሿ ጠፋ፤ ዛሬ አጉሊ መነጽር ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር አያገኛትም። ችግሩ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ክሩን ከአፏ አውጥታ ጨርቁን ስትነካ የወንድሟ ሚስት ሻይ ይዛ ገባች። ያየችውን አየች። ሻዩን አስቀምጣ ምንም ሳትል ወጣች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብታላትመው ይሻል ነበር።

ዛሬ ጠዋት ወንድምየው የዳቦ ማከፋፈያ መኪናውን ሊያሞቅ ሲወጣ ሚስቱ ዳቦ በሳህን ይዛ ወደ እትዬ ሜትር ክፍል ገባች። ዐይኗ ቀሚሱን ሸሸ። ዳቦውን የስፌት መኪናው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች፣ አነሣችው፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ ሙሽሪት ዛሬ ከሥራ ስትወጣ ልትለካ ትመጣለች አይደል?»

«ትመጣለች።»

«እንግዲያው… ካውያ አቃጠለው እንበላት። እዚህ ደረቱ ጋ ትንሽ ብታስነኪው ይበቃል። የኪራይ ቀሚስ አይቼላታለሁ፣ ቆንጆ ነው። እትዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። ለራሴ ፈርቼ እንዳይመስልሽ።»

ለራሷ አለመፍራቷ እውነት ነው፤ የማንንም ሐቅ መብላት አያስፈልግም። እትዬ ሜትር ያኔ፣ ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ ቫይረሱ አልጋ ላይ ጥሏት አጥንቷ ብቻ በቀረ ጊዜ፣ ሾርባ በማንኪያ ያጎረሰቻት፣ አንሶላዋን ያጠበችላት ይቺው ሴት ናት። እጇን ሳትሰስት ነው ያጠበቻት። ለራሷ ያልፈራችውን ለልጇ ፈራች፤ ምን ታድርግ፣ እናት ናት። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ሙሽራዋ የአክስቷን ሕመም አታውቅም። ልጅ ሆና «እትዬ ለምንድን ነው በየቀኑ ክኒን የምትውጠው?» ብላ ስትጠይቅ «የደም ማነስ አለባት» ተባለች፤ የደም ማነስ እንደተባለ ልጅቷ አደገች፣ ተማረች፣ ሥራ ያዘች፣ ይኸው ልታገባ ነው። አሁን ቀሚሱ ለምን ተለወጠ ብትል መልሱ ከየት ይመጣል? ወሬው ሙሽራው ቤት ቢደርስስ? ካውያው ለሁሉም መልስ ነበር። እትዬ ሜትር አፏን ከፈተች፤ ቃል አልወጣ አላት። ይቺ አፏ የማይገታ ሴት፣ የሰፈሩን እጅጌ ሁሉ ስትሳደብ የኖረች ሴት፣ አንገቷን ደፋች። ሚስቲቱ እሺ ማለቷ ነው ብላ ወሰደችው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

እትዬ ሜትር ካውያውን ሰካች። ቶሎ ይግላል፤ ጥሩ ካውያ ነው። በጣቷ ምራቅ አስነክታ ሞከረችው፤ ጭስስ አለ። ወደ ቀሚሱ ጠጋ አለች። የት ላሳርፍ ብላ ስትፈልግ እጇ እንደ ልማዱ ዳንቴሉን ዳበሰው፣ አንድ ቦታ ላይ ክር ተርፎ አገኘ፣ መቀሷን አንሥታ ቆረጠችው። ወይ ጉድ! ሊያቃጥሉት ያሉትን ልብስ ክር ማጥራት ምን ይባላል? በራሷ ሳቀች። በዚህ እጅ ስንቱን ሠርታለች፣ ልብስ ሠርታ አቃጥላ ግን አታውቅም። ሰዓቱን አየች። ዛሬ የምርምር ማእከሉ ቀጠሮዋ ነው፤ ለጥናት ደም የምትሰጥበት ቀን። «ስመለስ» አለች ለራሷ። ካውያውን ነቀለች፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጠመጠመች፣ ወጣች።

ወንድሟ የዳቦ ማከፋፈያ መኪናውን አስነሥቶ በር ላይ ይጠብቃታል። ደም የምትሰጥበትን ቀን ረስቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ አስፋልቱ ድረስ ያደርሳታል። ጋቢና ገባች። መኪናው ውስጥ ትኩስ ዳቦ ይሸታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን መንገዱን ሙሉ ታወራለታለች፣ ኮሌታውን ታስተካክልለታለች፣ እሱም «ተዪኝ እንጂ እትዬ፣ ሰው ያየናል» ይላታል። ዛሬ ኮሌታው ተጣጥፏል፣ እሷ ግን አልነካችውም። ዳቦ ቤቱን አለፉ፣ መስጊዱንና ቤተ ክርስቲያኑን አለፉ፣ ቀይ መብራት ያዛቸው። እሱ መብራቱን ያያል፣ እሷ መስኮቱን።

«ሰማሽን?» አላት።

«ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው።»

«ፈርታ ነው እኮ፣ እትዬ። ሌላ ምንም የለም።»

«እሷስ ፈራች። አንተስ?»

አረንጓዴ በራ። ከኋላ ያለው ሹፌር ክላክሱን አንባረቀው። ወንድሟ ነዳ፤ አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ አቆመ፣ ከኋላ ዞሮ አንድ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። የሚናገረው ሲጠፋው ዳቦ ይሰጣል፤ ከጥንትም እንዲሁ ነው። ተቀበለችው፤ እሷም በወንድሟ መጨከን አልሆነላትም።

አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ስትሄድ ከፊቷ የተቀመጠች አንዲት ወፍራም ሴት ሰማያዊ ጃኬት ለብሳለች። እትዬ ሜትር ጃኬቱን ገና ከጀርባው አወቀችው። የሷ ሥራ ነው። ከሰፋችው ስንት ዘመኑ፤ ቀለሙ ትንሽ ለቋል፣ ክርኑ ሳስቷል፣ ስፌቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሴትየዋን ከነመፈጠሯ ረስታታለች፤ ትከሻው ጋ ያደረገችውን ድርብ ስፌት ግን አልረሳችም። ጎንበስ ብላ «እኅቴ፣ ጃኬትሽን ማን ሰፋልሽ?» አለቻት። ሴትየዋ ዞር ሳትል «አንዲት እብድ አለች፣ ሜትር አንገቷ ላይ የምትጠመጥም። ታዘገያለች፣ ትሳደባለች፣ ግን የሰፋችው አይቀደድም» አለች። ቀና ስትል ሜትሩን አየችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ፤ አውቶቡሱ በሙሉ ሲስቅ ነበር። እትዬ ሜትር ስትወርድ ልቧ ትንሽ ቀለል አለ።

ማእከሉ ሰፊ ግቢ ነው፤ ኮሪደሩ ጠዋት ጠዋት የአልኮል ሽታ አለው። ደሟን የምትቀዳው ነርስ የለመደች ናት፤ «እትዬ፣ እጅዎን ጨበጥ ያድርጉ» ስትል እትዬ ሜትር ቀድማ ጨብጣለች። ቱቦዎቹ ሞሉ። ሌላ ጊዜ ጥጡን ክንዷ ላይ ይዛ ወዲያው ትወጣለች፤ ዛሬ ግን ወጣቷ ተመራማሪ በር ላይ ጠበቀቻት። ነጭ ጋዎኗ ከትከሻዋ ሰፊ ነው፤ እትዬ ሜትር ባየችው ቁጥር ትበሳጫለች፤ አጥብቤልሽ ልምጣ ብላ ሁሌ ትለምናታለች።

«እትዬ፣ ጊዜ ካለዎት አንድ ነገር ላሳይዎት። ባለፈው ከሰጡን ደም ነው።»

«ደሜን ለማየት ነው? ትናንት ያየሁት ይበቃኛል፣ የኔ ልጅ።»

ተመራማሪዋ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባትም። ግን እጇን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት። ጠባብ ክፍል ናት፤ ማቀዝቀዣው ይጮኻል፣ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ስክሪን አለ። ተመራማሪዋ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት፣ መብራቱን አጠፋች። ስክሪኑ ላይ ክብ ክብ ነገሮች ታዩ፤ ትልልቆችና ትንንሾች።

«ትንንሾቹ የእርስዎ ናቸው። ትልልቆቹ የካንሰር ሕዋሳት ናቸው፤ አይደንግጡ፣ የእርስዎ አይደሉም፣ እኛ ነን እዚህ ያሳደግናቸው። ሲሞቱ ቀይ ያበራሉ።»

«የኔዎቹ ስም አላቸው?»

«ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት ይባላሉ።»

«ገዳይ?»

«ገዳይ።»

«እኔ ውስጥ? በሮ የገባ ዝንብ እንኳ በመስኮት የምሸኝ ሴትዮ ውስጥ?»

ተመራማሪዋ ሳቀች፤ ከሳቋ መለስ ብላም አስረዳቻት። ልጅቷ ስታስረዳ ታምራለች፣ አትቸኩልም፣ ሰው አትንቅም። እነዚህ ገዳዮች በደም ውስጥ እየዞሩ የሚጠብቁ ናቸው። ሌሎቹ የሰውነት ወታደሮች ጠላትን ለማወቅ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ እነዚህ ግን ማንም ሳያስተዋውቃቸው ይነሣሉ። ጤነኛ ሕዋስ ሁሉ መታወቂያውን በሩ ላይ ይሰቅላል፤ ገዳዮቹ መታወቂያውን ያያሉ፣ ካለ ያልፋሉ፣ ከሌለ ይገድላሉ። ቫይረሱ ግን ተንኮለኛ ነው። የገባበትን ሕዋስ መታወቂያ ከፊሉን ይደብቃል፣ እነዚህን የሚያታልልበትን ያህል ደግሞ ይተዋል። በዚያ ላይ ሰውየው መድኃኒት ካልወሰደ ቫይረሱ ገዳዮቹን ያለ ዕረፍት ሲያስነሣቸው፣ ሲያሯሩጣቸው ይኖርና ያደክማቸዋል። መልካቸው ሳይቀር ይለወጣል፤ ቁጥራቸው ሲታይ አሉ፣ ሥራ ላይ ግን የሉም።

«መቀሱ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ጨርቁ ግን አይቆረጥም» አለች እትዬ ሜትር።

«እንደዚያ ነው። እርስዎ መጀመሪያ እዚህ ሲመጡ፣ መድኃኒቱን ገና ሲጀምሩ፣ የእርስዎም እንደዚያ ነበሩ። አስተማሪዬ ናቸው የለኩት። ምንም አይገድሉም ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ይመልከቱ።»

አንዷ ትንሿ ከጥግ ተነሣች። ወዲህ ትላለች፣ ወዲያ ትላለች፣ መንገድ የጠፋት ሰው ትመስላለች። እትዬ ሜትር ወደ ስክሪኑ ጠጋች። ትንሿ ወደ አንዱ ትልቅ ሄደች፣ ነካችው፣ ተጣበቀችበት። ምንም የለም። ዝም ብላ ቆመች። እትዬ ሜትር ትንፋሿን ያዘች። «በይ እንጂ» አለቻት፣ «በይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!» ትንሿ አሁንም ቆማለች። ድንገት ትልቁ ተንቀጠቀጠና ቀይ በራ። እትዬ ሜትር «ገደለችው!» ብላ ጮኸች። ምን ሆነ ብላ ነርሷ በሩን ከፍታ አየች። «ገደለችው እኮ! ያ ሁሉ ቁመቱ!» ከዚያ ሌላ በራ፣ ከዚያ ሌላ። ትንንሾቹ ወዲያና ወዲህ እያሉ፣ እየተጣበቁ፣ እየቆዩ ሥራቸውን ይሠራሉ።

«አልዋሽዎትም፣ እትዬ» አለች ተመራማሪዋ። «ሙሉ በሙሉ እንደ ጤነኛ ሰው ሆነዋል አልልም። ሳይነቁ የቀሩ አሉ። የነቁትም ትንሽ ይዘገያሉ። የምናጠናውም እሱን ነው፤ ለምን አንዳንዱ ተመለሰ፣ አንዳንዱ ቀረ። ግን ይገድላሉ። መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳያቋርጡ የዋጡት እርስዎ ነዎት፤ ይሄ የእርስዎ ሥራ ነው።»

«እኔም እዘገያለሁ» አለች እትዬ ሜትር። «ደንበኛ ሁሉ በመዘግየቴ ይረግመኛል። ጀምሬ ሳልጨርስ የተውኩት ልብስ ግን የለም። እስቲ ድገሚልኝ።»

ተመራማሪዋ ደገመችላት። እትዬ ሜትር በጨለማው ክፍል ውስጥ ክንዷ ላይ ጥጡን እንደያዘች ተቀምጣ አየች። ኮራች፤ ሌላ ስም የለውም፣ ኩራት ነው። ደም ሲባል የሰማችው ሁሉ ፍርሃት ነው፤ ሰው ደሟን ሲፈራ፣ እሷም ራሷ ስትፈራው፣ ጣቷ በተወጋ ቁጥር ዙሪያዋን ስታይ ኖራለች። እዚያ ውስጥ ግን ይሄን ሁሉ ዘመን፣ እሷ ስትተኛም ስትነሣም፣ ተሰብረው የነበሩ ተነሥተው ሲሠሩላት ነበር። ማንም አላመሰገናቸውም። እሷም ስማቸውን የሰማችው ዛሬ ነው። ስትወጣ ተመራማሪዋን ግንባሯን ሳመቻት፤ የጋዎኗንም ትከሻ በሜትር ለካችው። ማጥበቧን ወስናለች።

ወደ ቤት ስትመለስ አውቶቡስ አልያዘችም፤ ተራመደች። ወንድሟ የሰጣትን ዳቦ እየገመጠች፣ ደረቷን ነፍታ፣ በየሱቁ መስታወት ራሷን እያየች ሄደች። ካውያውን አሰበችው። እነሱ እዚያ ውስጥ ሞተው ተነሥተው ሲሠሩ፣ እኔ የሠራሁትን በገዛ እጄ ላቃጥል ነው? ይሄማ አይደረግም አለች። ሚስቲቱ ብትቀየም ትቀየም፣ ቢያወሩም ያውሩ። ልጅቷም ሰምታ ቀሚሱን አልለብስም ካለች፣ አይታ ትተወው፤ ቁርጡን አውቃ ትተወው። ይሄን ስታስብ ልቧ ምንም አልፈራም ብላችሁ አትመኑ። ፈርቷል። ያቺን ልጅ እኮ የስፌት መኪናው ፔዳል ሥር ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለአሻንጉሊቷ እየሰጠች። ያቺ ልጅ አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ ብትል እትዬ ሜትር እንዴት እንደምትችለው አታውቅም ነበር።

ሙሽራዋ ከሥራ እንደወጣች ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች መጣች። እናቷ ተከትላት ገባች፤ ፊቷን ለድንጋጤ አዘጋጅታለች፣ እጇን አፏ ላይ ለማድረግ አንሥታለች። ቀሚሱ ግን እንደ ቆመ ነው፣ ነጭ፣ ምንም ያልነካው። እጇ አየር ላይ ቀረ። እትዬ ሜትር ለማንም ጊዜ አልሰጠችም፤ ከሰጠች አፏ እንደ ጠዋቱ እንደሚታሰር ታውቃለች።

«ቁጭ በዪ» አለቻት ሙሽራዋን። «ሳትለብሺው የምነግርሽ አለኝ። የደም ማነስ የለብኝም። ኖሮብኝም አያውቅም። ደሜ ውስጥ ያለው ኤች አይ ቪ ነው፤ አንቺ በእግርሽ መሄድ ሳትጀምሪ ነው ያወቅሁት። ትናንት ይሄን ስሰፋ ወግቶኝ አንድ ጠብታ እዚህ ላይ ወድቋል፣ አጽድቼዋለሁ። ከጨርቅ ላይ ማንንም አይዝም። መድኃኒቴንም ስለምውጥ ደሜ ውስጥ እንኳ በመሣሪያ ተፈልጎ አይገኝም። እናትሽ ግን ፈርታለች። አቃጥለሽ ካውያ ነው በዪ አለችኝ። አላቃጥልም። መልበስ አለመልበስ ያንቺ ነው።»

ከመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። የሙሽራዋ እናት ፊቷ ቀላ። «እትዬ! እንዲህ ነው ምክራችን? ለሷው ብዬ እኮ ነው! የማንም ሰው ደም ያለበት…»

«ያንቺንስ ማን ሰፋው?» አለቻት እትዬ ሜትር። በቁጣ አልነበረም፤ እንደዋዛ ነው። «የሰርግሽን ቀሚስ። ያኔም በሽታው ነበረብኝ፣ ባሌም ነበረበት፤ ሁለታችንም አላወቅንም እንጂ። ያኔም ወግቶኛል። ያንቺማ ሳቲን ነበር፣ ጣቴን ሲጨርሰኝ ነው የከረመው። እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፣ ጀርባው ላይም። ሁሉንም በክር ነው ያነሣሁት። ስትጨፍሪበት አደርሽ። ቁም ሣጥንሽ ውስጥ አለ፣ በየዓመቱ እያወጣሽ ታናፍሺዋለሽ።»

«የኔንም ሱፍ» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ወንድሟ ነው፤ የዳቦ ዱቄቱ ከሸሚዙ አልተራገፈም። መቼ እንደመጣ ማንም አላየውም። «የኔንም ሱፍ እሷ ናት የሰፋችው። ጠዋት ይሄን ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ፈርቼ ነው። እትዬ፣ እኔም ፈርቼ ነው።» ከዚያ በላይ አልቻለም፤ ዞር ብሎ የሸሚዙን ዱቄት አራገፈ። ሚስቱ አየችው። በትዳራቸው ዘመን ሰው ፊት ይሄን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

ሙሽራዋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች አክስቷን ትመለከታለች። ዐይኗ እንባ ሞልቷል፤ ከንፈሯ ግን ሌላ ነገር ሊል ይታገላል።

«የደም ማነስ የለብሽም?»

«የለብኝም።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ቀይ ሥር! ደሞዝ በተቀበልኩ ቁጥር በከረጢት የማመጣልሽ! ቁጭ ብዬ እያየሁሽ የማስጨርስሽ ጭማቂ!»

«አንዴ ጀምረሽው ምን ልበልሽ? የደም ማነሱ ውሸት ነው ልበልሽ? ቀይ ሥር እኮ ስጠላው!»

ልጅቷ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገችው። ተነሥታ አክስቷን አንገቷን አቀፈቻት፣ ሜትሩም መሀላቸው ተጠመጠመ። «ለምን ዋሻችሁኝ? እኔ ስፈራልሽ ነው የኖርኩት፤ በደም ማነስ ትሞታለች ብዬ!» እያለች ትከሻዋን መታቻት። እትዬ ሜትር ልጅቷ አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ እንዳላለች ብቻ አየች። ወደ ፊት ነው የመጣችው። ልቧ ሞላ፤ ከዚህ በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ቢያወራ ግድ አልነበራትም።

ልጅቷ አፍንጫዋን ጠራረገች። ማንንም ሳትጠይቅ መጋረጃው ጀርባ ገባች፤ ቀሚሱን ለብሳ ወጣች። መስታወቱ ፊት ቆመች፣ ግራና ቀኝ ዞረች። አባቷ ዱቄት ያለበትን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ። እናቷ ግድግዳው ጋ ቆማ ቀረች፤ ዐይኗ ከልጇ ደረት አልተነሣም፤ ጠብታዋ የወደቀችበትን ቦታ እየፈለገች ነው፤ አላገኘችውም።

«እትዬ፣ ወገቡ አይሰፋም?» አለች ሙሽራዋ።

«የከሳሽው አንቺ ነሽ፤ የኔ ወገብ ልኩ ነው» አለች እትዬ ሜትር። ተንበረከከች። እንደ ልማዷ ስፒሎቹን ከንፈሯ መሀል ደርድራ ጨርቁን በሁለት እጇ ሰበሰበች። ሁለቱም እጆቿ ተያዙ፤ አንድ ስፒል ሰካች፣ ሌሎቹ አስቸገሯት። ከአፏ አወጣቻቸውና እጇን ወደ ጎን ዘረጋች፣ ሳትዞር፣ ወደ ወንድሟ ሚስት።

«ያዢልኝ» አለቻት።

የወንድሟ ሚስት ስፒሎቹን አየቻቸው። ከአፏ የወጡ ናቸው፤ እርጥበት አላቸው። ባሏን አየችው፤ ባሏም ያያታል። ልጇን በመስታወት ውስጥ አየቻት። ከዚያ መጣች፣ ጎንበስ አለች፣ መዳፏን ከፈተች። እትዬ ሜትር ስፒሎቹን አስቀመጠችበት። አንድ ታነሣለች፣ ትሰካለች፤ ሌላ ታነሣለች፣ ትሰካለች። ሙሽራዋ ትንፋሿን ይዛ ቀጥ ብላ ቆማለች።

«እትዬ» አለች የወንድሟ ሚስት ቆይታ፤ መዳፏን አልከደነችም፤ በሌላው እጇ ግን ወደ ቀሚሱ እየጠቆመች ነው። «በግራ በኩልም ሰፍቷል።»

እትዬ ሜትር ሜትሯን ከአንገቷ ፈታች፣ ለካች። እውነቷን ነው፣ ሰፍቷል።